የሁለት ሜትር ተኩል ዘመን

መንኮራኩር ገንብተው የሚበሩባቸው የቪዲዮ ጌሞች የተወለዱበት ጊዜ፣ ዞር ብለው ሲያዩት የራሱ መልክ አለው፤ መልኩ ሳጥን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኢንፊኒማይነር፣ ወዲያው ተከትሎም ማይንክራፍት፣ ዓለምን በእኩል ኩቦች ከፋፍለው አቀረቡ። በ2013 ደግሞ መቀመጫውን ፕራግ ያደረገው ኪን ሶፍትዌር ሃውስ ስፔስ ኢንጂነርስ የተባለውን ጌም ገና ተሠርቶ ሳያልቅ ለተጫዋቾች ከፈተው፤ ተጠናቀቀ የተባለው በ2019 ነው። በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል የተገነቡት መንኮራኩሮች ዛሬ ሲታዩ ወፋፍራም፣ ጥርሳም፣ ከመርከብ ይልቅ መጋዘን የሚመስሉ ናቸው። አብዛኞቹ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አስቀያሚ ነበሩ። ሆኖም የዚያን ጊዜ ሠሪዎች ስለ እነሱ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለሰልሳል፤ አዳዲሶቹ ጌሞች ብሎክን እንደ ሊጥ እየጎተቱ የፈለጉትን ያህል ማርዘምና ማሳጠር እየፈቀዱላቸው እንኳ ያንን ሻካራ ግሪድ፣ ማለትም ብሎኮች የሚሰለፉበትን ቋሚ የልክ መረብ፣ ይናፍቃሉ። ይህ ናፍቆት ብዙውን ጊዜ የሚታለፈው በቀላል ምክንያት ነው፤ ሰው የሚናፍቀው ወጣትነቱን ነው ይባላል። ምክንያቱ ሐሰት አይደለም፣ ግን አይበቃም። ያ ግሪድ በነጻ መጠን መቀየሪያ መሣሪያዎች ውስጥ በቀላሉ የማይገኝ ነገር ይሰጥ ነበር። መጠንን ውሳኔ ያደርገው ነበር። ትልቅ መሥራትም ሆነ ትንሽ መሥራት አስቀድሞ የሚታሰብበት፣ ዋጋ የሚከፈልበት፣ ከተሳሳቱ አፍርሶ እንደገና የሚጀመርበት ጉዳይ ነበር። ክርክሬ ይህ ነው።

የስፔስ ኢንጂነርስ ሕግ ሲነገር አጭር ነው። ሁለት ግሪድ አለ። የትልቁ ግሪድ ብሎክ በየጎኑ 2.5 ሜትር፣ የትንሹ 0.5 ሜትር ነው። የመጀመሪያዋን ብሎክ ያስቀመጠ ሰው ከሁለቱ አንዱን መርጧል፤ ከዚያ በኋላ መንኮራኩሩ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ያው ግሪድ ነው። ትንሹን ብሎክ በትልቁ ላይ መለጠፍ አይቻልም፤ ሁለቱ የሚገናኙት በሮተር፣ በፒስተን፣ በማረፊያ እግር ወይም በኮኔክተር፣ ማለትም እንደ ሁለት የተለያዩ አካላት ነው። ኮፒና ፔስት አለ፣ ሙሉ መንኮራኩር በብሉፕሪንት፣ ማለትም በንድፍ ፋይል፣ ማስቀመጥ አለ፣ በአንድ ወገን የተሠራውን በሌላው ወገን የሚደግም የሲሜትሪ መሣሪያ አለ። አንዲትን ብሎክ ይዞ የሚያጎላ ወይም የሚያሳንስ መሣሪያ ግን የለም። ይህ ሕግ ወደ ሥራ ሲገባ የሚያስከትለው ብዙ ነው። በትልቁ ግሪድ የጋሻ ግድግዳ ራሱ ሙሉ ብሎክ ስለሆነ ውፍረቱ 2.5 ሜትር ነው። ሁለት ሰው የሚተላለፍበት ኮሪደር አንድ ብሎክ ነው፤ ግራና ቀኝ ግድግዳ ሲቆምለት 7.5 ሜትር ይበላል። ዕቃ ከማከማቻ ወደ ማምረቻ የሚያመላልሰው ቱቦም የራሱን መስመር ይፈልጋል፤ ሌላ 2.5 ሜትር። እንግዲህ በጥቂት ብሎክ ስፋት ትንሽ መርከብ እሠራለሁ ብሎ የተነሳ ሰው፣ ግድግዳውን፣ መተላለፊያውንና ቱቦውን ደምሮ ሲያየው ለሞተሩ ቦታ አጥቷል። መርከቦቹ መጋዘን የመሰሉት ሠሪዎቹ ጣዕም ስለጎደላቸው ብቻ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ነገር ቢያንስ 2.5 ሜትር ስለሚጠይቅ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ሠሪዎችን ያስተማረው የጎዶሎና የሙሉ ቁጥር ጉዳይ ይመስለኛል። የትልቁ ግሪድ ኮክፒት (የአብራሪው መቀመጫ) ስፋቱ አንድ ብሎክ ነው። የመንኮራኩሩ ስፋት ጎዶሎ ቁጥር ከሆነ፣ ሰባት ወይም ዘጠኝ እንበል፣ ኮክፒቱ ልክ መሃል ይቀመጣል። ስፋቱ ስምንት ከሆነ ግን መሃል የሚባለው በሁለት ብሎኮች መካከል ያለው ስንጥቅ ነው፤ ኮክፒቱ ወይ ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ሲሜትሪውን በብሎኩ ወገብ ላይ ወይም በብሎኮቹ መገናኛ ላይ ማቆም ይቻላል፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማድረግ ግን አይቻልም። ይህ ለሰሚው ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሠሪ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ገንብቶ ከጨረሰ በኋላ ሁለት ሁለት ሆነው የሚደረደሩ ሞተሮችን በጎዶሎ ስፋት ላይ ሊያስገባ ሲታገል፣ ከመጀመሪያዋ ብሎክ በፊት ማሰብ የነበረበትን ነገር ያውቀዋል። ማዕዘንም እንዲሁ ነው። ሰያፉ ብሎክ 45 ዲግሪ ነው፤ በኋላ የተጨመሩት ሁለት በአንድ የሆኑት ብሎኮች 27 ዲግሪ ገደማ ሰጡ። በእነዚህ ጥቂት ማዕዘኖች የመርከብ አፍንጫ ማሾል፣ ክንፍ ማዘንበል፣ ክብ የሚመስል ነገር ማውጣት ነበረባቸው። ሸማኔ የጥበቡን ሐረግ የሚያወጣው ክሩን ቆጥሮ ነው፤ ሰያፉ መስመር ቀረብ ብለው ሲያዩት ደረጃ ደረጃ ነው፣ ራቅ ሲሉ ግን ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የዚያ ዘመን ጥሩ ሠሪዎች ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ ደረጃው ከየት ርቀት እንደሚጠፋ ያውቁ ነበር።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልግባ፤ የነገሩ ጭብጥ እዚያ ነውና። አንድ ቀላል የጋሻ ብሎክ በትልቁ ግሪድ 25 የብረት ላሜራ ይጠይቃል፤ 500 ኪሎ ይመዝናል። ያው ብሎክ በትንሹ ግሪድ 1 ላሜራ ብቻ ነው፤ 20 ኪሎ። 2.5 ሜትር የ0.5 ሜትር አምስት እጥፍ ስለሆነ ትልቁ ብሎክ በውስጡ 125 ትንንሽ ብሎኮች ይይዛል። ብረቱ ግን 125 እጥፍ አልሆነም፤ 25 እጥፍ ነው። አምስት በአምስት፣ ማለትም የገጹ ስፋት ያደገበት ልክ። ትልቁ ብሎክ ጥቅጥቅ ያለ ብረት ሳይሆን በላሜራ የተሸፈነ ባዶ ሳጥን ሆኖ ተቆጥሯል ማለት ነው። በአንድ ሜትር ኩብ ሲሰላ ደግሞ ትልቁ 32 ኪሎ፣ ትንሹ 160 ኪሎ ይሆናል። እንግዲህ በትንሹ ግሪድ የተሠራ መንኮራኩር አለኝ፣ እያንዳንዷን ጋሻ ብሎክ በትልቁ ግሪድ አንድ ለአንድ ደግሜ እሠራዋለሁ ብሎ የተነሳ ሰው፣ ዓይን ሲያየው ያው የሆነ፣ በርዝመት አምስት እጥፍ የሆነ፣ በጋሻ ክብደት ግን 25 እጥፍ ብቻ የሆነ ሌላ ነገር ያገኛል። ሞተሮቹም የየግሪዱ የራሳቸው ጉልበት አላቸው፤ ከጋሻው ጋር እኩል አያድጉም። ሁለት መርከቦች ቅርጻቸው አንድ ሆኖ ጠባያቸው የተለያየ ሊሆን እንደሚችል፣ ልዩነቱም ከመጠናቸው እንደሚመጣ፣ ተጫዋቹ በላሜራ ቆጠራ ይማር ነበር። ጌሙ የተሠራው ይህን ለማስተማር ይሁን ለጨዋታው ሚዛን ሲባል ለክርክሬ ለውጥ አያመጣም፤ ቁጥሩ እዚያው ነበር፣ ሠሪዎችም በየቀኑ ይከፍሉት ነበር።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ጋሊሊዮ በ1638 ሌይደን ላይ ባሳተመው የመጨረሻ መጽሐፉ የእንስሳን አጥንት ሥሎ፣ ርዝመቱ ሦስት እጥፍ ቢሆን ያንኑ ሥራ ለመሥራት ምን ያህል መወፈር እንዳለበት ከጎኑ አሳይቷል፤ አጥንቱ ቅርጹን ጠብቆ ማደግ አይችልም። ርዝመት ሁለት እጥፍ ሲሆን የገጽ ስፋት አራት እጥፍ፣ ይዘት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ይህን ይዘን ነጻ መጠን መቀየሪያ ወዳለው ጌም እንሂድ። ጥሩው ምሳሌ አቮሪዮን ነው፤ ቦክሰልዌር የተባለ የጀርመን ስቱዲዮ በ2017 ለተጫዋቾች ከፍቶ በ2020 ያጠናቀቀው። እዚያ ብሎክ ቋሚ ልክ የለውም። ጎትተው እንደ ምሰሶ ማቅጠን፣ እንደ ሰሌዳ መዘርጋት ይቻላል፤ የሚሰጠው ጉልበት፣ ክብደቱ፣ የሚይዘው ዕቃ ሁሉ ከይዘቱ ጋር አብሮ ይሰላል። ሙሉውን መንኮራኩር ይዞ ማሳደግም ይቻላል። ሰው በመቶ ብሎክ የሚሠራውን ክንፍ በአንዲት ብሎክ ይጨርሳል፤ ቀጭን አንቴና፣ ስስ ጠርዝ፣ ለስላሳ አፍንጫ ይወጣል። ይህን ማናናቅ አልፈልግም፤ ዕለቱን ሙሉ ብሎክ ሲደረድር መዋል የማይፈልግ ሰው ትክክል ነው፣ የተሻለ መሣሪያ አግኝቷል።

ሆኖም ሙሉውን መርከብ ሁለት እጥፍ ሲያሳድጉት የሚሆነውን በጥሞና እንከተለው። የሞተሩ ጉልበት ከይዘቱ ጋር የሚያድግ ከሆነ ስምንት እጥፍ ሆነ፤ ክብደቱም ስምንት እጥፍ ሆነ፤ ወደፊት ሲሮጥ ልዩነት አይታይም። ለመዞር ግን ሌላ ነው። መዞርን የሚቃወመው ክብደቱ ብቻ አይደለም፤ ክብደቱ ከመሃሉ የራቀበት ርቀት፣ ያውም በራሱ ተባዝቶ፣ ይገባበታል። ስምንት ጊዜ አራት፣ 32 እጥፍ። የሚያዞረው ጉልበት ደግሞ ስምንት እጥፍ ሆኖ ክንዱ ሁለት እጥፍ ስለረዘመ 16 እጥፍ ነው። በፊዚክስ ሕግ መርከቡ ወደፊት እንደ ድሮው ይሄዳል፣ ለመዞር ግን በእጥፍ ይሰንፋል። የሞተሩ ጉልበት ከአፉ ስፋት ጋር ብቻ የሚያድግ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ወደፊትም ግማሽ ይሰንፍ ነበር። ይህ ሁሉ ለውጥ የመጣው ሠሪው አንዲት ቁጥር ስለቀየረ ነው። ምንም አልነደፈም፣ ምንም አልመረጠም። በግሪዱ ጌም ግን ያንኑ መርከብ ሁለት እጥፍ ለማድረግ አንዷ ብሎክ ስምንት ትሆናለች፤ ሞተሮቹ በሁለት ልክ ብቻ ስለሚመጡ ስንት እንደሚያስፈልጉና የት እንደሚቀመጡ አዲስ ሂሳብ ይጠይቃሉ፤ አንድ ብሎክ የነበረው ኮሪደር ሁለት ሲሆን ጎዶሎው ወደ ሙሉ ይገለበጣል፤ ኮክፒቱ መሃሉን ያጣል። ማሳደግ ማለት እንደገና መንደፍ ማለት ነው። ጋሊሊዮ በአጥንቱ ያሳየው ይኸው ነበር፤ ግሪዱ ሳይናገር ያስፈጽመዋል፣ መጠን መቀየሪያው ግን ይደብቀዋል። አይሰርዘውም፤ ለመዞር ሲሞክሩ ይታያል። ግን የሚታየው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው።

በሜክሲኮ ከተማ የተሠራውና በ2011 ለሕዝብ የወጣው ከርባል ስፔስ ፕሮግራም በዚህ ክርክር መካከለኛ ቦታ አለው። ግሪድ የለውም፤ ክፍሎቹ የሚጋጠሙት በመጋጠሚያ ነጥብ ነው። የክፍሎቹ ስፋት ግን የተወሰነ ነው፤ 0.625፣ 1.25፣ 2.5፣ 3.75 ሜትር። ኤፍኤል-ቲ800 የተባለው የ1.25 ሜትሩ ነዳጅ ታንክ ሲሞላ 4.5 ቶን ነው፤ ቁመቱ ከእሱ ጋር እኩል የሆነው የ2.5 ሜትሩ ኤክስ200-32 ደግሞ 18 ቶን። ስፋቱ እጥፍ፣ ክብደቱ አራት እጥፍ። ልኮቹ ጥቂት ስለሆኑ ተጫዋቹ ይህን ሳያሰላ በጣቱ ያውቀዋል። ጌሙ ራሱ ደግሞ ከሁሉ የባሰ የስኬል ተንኮል የተሠራበት ነው። ከርቢን የተባለችው ፕላኔት ከመሃሏ እስከ ገጿ 600 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት፤ የምድር አሥረኛ ያህል። በገጿ ላይ ያለው ስበት ግን ከምድር ጋር እኩል ነው። ይህ እንዲሆን ከርቢን ከምድር ከአሥር እጥፍ በላይ የታመቀች መሆን አለባት፤ እንዲህ ያለ ድንጋይ የለም። ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው፤ ምድርን ዝቅ ብሎ ለመዞር በሰከንድ 7.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲያስፈልግ ለከርቢን 2.3 ገደማ ይበቃል፣ አንድ ጀማሪም በአንድ ምሽት ምህዋር ይገባል። የጌሙ ሠሪዎች ዓለሙን አሳንሰው የተጫዋቹን መሣሪያ ልክ ቋሚ አደረጉት። የፕላኔቷን ልክ እውነተኛ የሚያደርግ ሞድ (በጌሙ ላይ የሚጨመር ማሻሻያ) ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተዋል፤ የከበደ ነገር የሚፈልግ ሰው ሁልጊዜ አለ።

ከሚነሱት ተቃውሞዎች ጠንካራው ግሪድ የኮምፒውተር ድህነት ልጅ ነው የሚለው ነው። እውነት አለው። በግሪድ ላይ ያለ ብሎክ ክፍልፋይ የሌላቸው ሦስት ቁጥሮች ይበቁታል፤ ጎረቤቶቹ ስድስት ናቸው፤ ማን ከማን ጋር እንደተያያዘ፣ ሲመታ ምን እንደሚበጠስ ለማወቅ ኮምፒውተሩ ብዙ አይለፋም። በነጻ የተጎተቱ ሺህ ብሎኮች የት የት እንደሚነካኩ ማስላት ሌላ ራስ ምታት ነው። ግን የአንድ ነገር መነሻ ጥቅሙን አይወስነውም። የሌጎ ብሎክ በ1958 ባለቤትነቱ ሲመዘገብ የጉጦቹ ርቀት 8 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ዛሬም ያው ነው፣ የዚያን ዓመት ብሎክ ዛሬ ከሚመረተው ጋር ይገጥማል። ይህን ልክ ያጸናው የፋብሪካ ምቾት ሊሆን ይችላል፤ አያት የተጫወቱበት ከልጅ ልጅ ሳጥን ጋር መግጠሙ ግን ከፋብሪካው ምቾት የሚበልጥ ነገር ነው። በስፔስ ኢንጂነርስም የሆነው ይኸው ነው። ተጫዋቾች ብሉፕሪንታቸውን ስቲም ወርክሾፕ በተባለው የተጫዋቾች ሥራ መለዋወጫ መድረክ ይለዋወጡ ነበር። አንዱ የሠራው የመርከብ ማቆሚያ፣ ሌላ አገር ያለ የማያውቀው ሰው ከሠራው ጣቢያ ጋር ይገጥማል፤ ሁለቱም በ2.5 ሜትር ስለሚያስቡ። የቱቦው አፍ ከቱቦው አፍ ጋር ይገናኛል። አንድ ሠሪ የመርከቡ ስፋት አሥራ አንድ ብሎክ ነው ካለ፣ ሰሚው በልቡ ያየዋል፤ በሩ የት እንደሚሆን፣ ስንት ኮሪደር እንደሚይዝ፣ በስንት ላሜራ እንደሚያልቅ። እያንዳንዱ ሰው ብሎኩን በራሱ ልክ በሚጎትትበት ጌም ግን ቁጥሩ ለባለቤቱ ብቻ ነው። አቮሪዮን ራሱ ይህን የሚያውቅ ይመስላል፤ በግንባታው መስኮት የግሪዱን መጠንና ብሎክ ሲጎተት በስንት በስንት እንደሚያድግ የሚወስኑ ማስተካከያዎች አሉት። እርምጃውን አንዴ መርጦ የማይጸና ሰው ውጤቱን ያያል፤ ዓይን የማትይዛቸው ስንጥቆች፣ ግማሹ የገባ ግማሹ የወጣ ጠርዝ፣ በመስታወት ሲደገም የማይገጥም ወገን። ነጻ በሆነው ጌም ውስጥ የተሠሩት ጥሩ መርከቦች ሠሪያቸው ለራሱ ግሪድ ያወጣላቸው ናቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይቆረቁራል። ግሪዱ ያን ያህል መልካም ከነበረ ሰዎች ለምን ዓመታት ሙሉ ሊያመልጡት ታገሉ? ታግለዋል። በትልቁ ግሪድ ሮተር ላይ ትንሽ ራስ እየገጠሙ፣ በዚያ በኩል በትልቁ መርከብ ላይ ግማሽ ሜትር ብሎኮች ያስገቡ ነበር፤ መብራቱ፣ መወጣጫው፣ የመሣሪያ ሰሌዳው በዚህ ዘዴ የሰው ልክ አገኘ። ጌሙ ግን ይህን እንደ ሁለት አካል ስለሚቆጥረው ዋጋ ያስከፍል ነበር። ሁለቱ ሲነካኩ የፊዚክሱ ስሌት ይንቀጠቀጣል፣ መንቀጥቀጡ እየባሰ ይሄዳል፣ በመጨረሻ የብዙ ቀን ሥራ በአንድ ቅጽበት ይበተናል። ተጫዋቾቹ ለዚህ መዓት ክላንግ የሚል ስም አውጥተው የሚቆጣ አምላክ አደረጉት፤ መርከባቸው ሲፈነዳ ክላንግን አስቀየምን ይላሉ። ከጌሙ ቀልዶች ሁሉ በእድሜ የሰነበተው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ታሪክ ክርክሬን የሚያፈርስ መስሎ ይታያል፣ ግን ምን እንደሸሹ በደንብ መታየት አለበት። ከልክ አልሸሹም። ከ2.5 ሸሽተው ወደ 0.5 ገቡ፤ ሌላ ግሪድ፣ ሌላ ቋሚ ልክ። ብሎክን እንደልብ ማርዘም አልነበረም ሕመማቸው፤ ሁለቱ ልኮች በአንድ አካል ላይ አለመኖራቸው ነበር። በመካከላቸው የቆመው ግድግዳ ስህተት ነበር፣ ይህን እቀበላለሁ።

እውነተኛ መንኮራኩር በግሪድ አይሠራም የሚሉም አሉ። በእርግጥ ማንም መሐንዲስ 2.5 ሜትር ኩብ አይደረድርም። ግን እውነተኛው መንኮራኩር ከማንኛውም ጌም የከበደ ግሪድ ውስጥ ነው የሚኖረው። የስፔስ ሻትል የዕቃ መጫኛ 18.3 ሜትር ርዝመት፣ 4.6 ሜትር ስፋት ነበረው። ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በሻትል የተጓዙት ክፍሎች ሁሉ በዚያ ልክ ማለፍ ነበረባቸው፤ በ2001 የወጣው ዴስቲኒ የተባለው ላቦራቶሪ 4.3 ሜትር ስፋት ያለው ለዚህ ነው። የፋልከን 9 ሮኬት ስፋት 3.7 ሜትር የሆነው በአሜሪካ መንገድ ላይ በከባድ መኪና መጓዝ ስላለበት ነው፤ ድልድዩና መተላለፊያው የጠፈሩን ሮኬት ልክ ወሰኑት። ጠፈርተኞች ለዓመታት የኖሩበት ክፍል ስፋት የተቆረጠው በሌላ ተሽከርካሪ ሆድ ነው። ነጻ መጠን መቀየሪያ ያለው ሰው ይህን አያውቅም፤ ኮክፒቱ ሲጠበው ይጎትተዋል። በዚህ በኩል ሳጥናሙ ጌም ከለስላሳው ጌም ይልቅ ለእውነቱ ቀርቧል፣ ምንም እንኳ መልኩ ሳጥን ቢሆን።

የመጨረሻው ተቃውሞ የናፍቆቱ ነው፤ ያለፈ ነገር ሁሉ ያምራል የሚለው። ለዚህ መልስ መስጠት የሚቀለው የጌሙ ሠሪዎች ራሳቸው ያደረጉትን በማየት ነው። ስፔስ ኢንጂነርስ 2 በ2025 መጀመሪያ ለተጫዋቾች ሲከፈት ኪን ሶፍትዌር ሃውስ ከአሥር ዓመት በላይ ልምድና ከድሮው የበረቱ ኮምፒውተሮች በእጁ ነበሩ። ድህነት ምክንያት መሆን አይችልም ነበር። ሁለቱን ግሪዶች አፍርሰው ብሎክን ሁሉ እንደልብ የሚጎተት ማድረግ ይችሉ ነበር፤ ሌሎች አድርገውታል። እነሱ የመረጡት 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ግሪድ ነው። 2.5 ሜትር በ25 ሳንቲ ሜትር ሲካፈል አሥር ነው፣ 0.5 ሜትር ሁለት። የድሮዎቹ ልኮች ሁለቱም ሳይጎድሉ አዲሱ ውስጥ አሉ፤ የጠፋው በመካከላቸው የነበረው ግድግዳ ብቻ ነው። ትልቁ ጋሻና ትንሹ መብራት በአንድ አካል ላይ ይቀመጣሉ፣ ሮተሩ ሸክሙን አራገፈ። ይህ ለናፋቂዎች የተደረገ ውለታ አይደለም፤ ገበያው ለስላሳ ነገር በሚወድበት ጊዜ ልክን ይዞ መቆየት ነው።

አዲሱ ግሪድ የሚያነሳው ጥያቄ ግን አለ፣ እሱም የዋጋ ነው። የድሮው 2.5 ሜትር መጠንን ውሳኔ ያደረገው ሻካራ ስለነበረ ነው፤ ስህተት ሲሠራ ስህተቱ 2.5 ሜትር ነበር። በ25 ሳንቲ ሜትር የጎዶሎና የሙሉ ቁጥሩ ጣጣ ይቀላል፣ ዝንባሌው ዓይን አይስበውም። ኮሪደሩን እንውሰድ። መተላለፊያው 2.5 ሜትር ሆኖ ግራና ቀኝ ግድግዳው 25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን ጠቅላላው 3 ሜትር ነው፤ በድሮው 7.5 ነበር። በእያንዳንዱ ኮሪደር 4.5 ሜትር ይተርፋል። ሠሪዎች በተረፋቸው ሌላ ክፍል እየጨመሩ መርከቡን በድሮው ግዝፈቱ ያቆዩታል፣ ወይስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ልክ ያለው ትንሽ መርከብ ይሠራሉ? ትልቅ መርከብ የሚወዱ መብዛታቸውን ሳይ፣ የመጀመሪያው ይመስለኛል።